ችሎታ ለፍጥነት ዋስ አይሆንም

ሞተረኞች ተሰብስበው ስለ አደጋ ሲያወሩ አንድ ሙግት ሳይነሳ አይቀርም። ሰው የሚሞተው ፈጥኖ ስለነዳ ሳይሆን መንዳት ሳይችል ስለነዳ ነው ይባላል። የፊት ፍሬኑን በልኩ መያዝ የሚችል፣ ሞተሩን አጋድሎ ኩርባ መዞር የለመደ፣ ዓይኑን ወደ ሩቅ የሚልክ ነጂ በሕዝብ መንገድ ላይም በከፍተኛ ፍጥነት በሰላም ይሄዳል፤ መውደቅ የጀማሪውና የሰካራሙ ዕጣ ነው፤ ከዚያ የተረፈው አደጋ ደግሞ ቅድሚያ የማይሰጥ የመኪና ሹፌር ጥፋት ነው ይላሉ። ይህ አስተያየት በብዙ አገር ሞተረኞች ዘንድ እንደ ተረጋገጠ እውቀት ይቆጠራል። ተሟጋቾቹም ደንታ ቢሶች አይደሉም። ብዙዎቹ ሙያውን የሚወዱ፣ ጀማሪ የሚያሠለጥኑ፣ ጓደኞቻቸውን የቀበሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሙግታቸው በወጉ ተመርምሮ በወጉ ምላሽ ሊሰጠው ይገባል።

የተነሱበት ምክንያት ፍትሐዊ ነው። አንድ ሞተረኛ ሲሞት «ሲበር ነው የሞተው» ብሎ ፋይሉን የመዝጋት ልማድ በየአገሩ አለ። ይህ ልማድ መመርመር የሚገባውን ሁሉ ይሸፍናል፦ ሳያይ የታጠፈውን ሹፌር፣ ኩርባ ላይ የፈሰሰውን ጠጠር፣ ያለቀውን ጎማ፣ ማሰሪያው ያልታሰረውን ሄልሜት። ሞተረኞች ይህን ፍርደ ገምድልነት መቃወማቸው ትክክል ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ አልፈው ፍጥነትን ጨርሶ ነፃ ሲያወጡት ነው።

ነፃ ለማውጣት የሚጠቀሰው ዋነኛ ማስረጃ ከአሜሪካ የመጣ ነው። የደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ሃሪ ኸርት ከባልደረቦቹ ጋር በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄደ መረመረ፤ 3,600 የፖሊስ ሪፖርቶችንም ተነተነ። ውጤቱ በ1981 እ.ኤ.አ. ታተመ። ጥናቱ ያገኘው ብዙዎችን አስገርሟል። ከአደጋው በፊት የነበረው መካከለኛ ፍጥነት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በግጭቱ ቅጽበት የነበረው ደግሞ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። በ138 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርስ ግጭት ከሺህ አንድ ነው። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተደረጉት ግጭቶች በሁለት ሦስተኛው ጥፋተኛው የሞተረኛውን ቅድሚያ የነጠቀው ሹፌር ሆኖ ተገኘ። አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች 92 በመቶው መደበኛ ሥልጠና አልወሰዱም፤ መንዳት የተማሩት በራሳቸው ወይም ከዘመድና ከጓደኛ ነበር። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ በአምስት የአውሮፓ አገሮች 921 አደጋዎች ሲመረመሩም ተቀራራቢ ነገር ታየ፤ በግማሾቹ ላይ ዋናው ስህተት የሌላው ተሽከርካሪ ሹፌር ነበር፤ የሞተረኛው ስህተት ዋና ምክንያት የሆነው በ37 በመቶው ነው። እንግዲህ ሙግቱ የቆመው በዚህ ላይ ነው፦ አደጋው የሚደርሰው በዝግታ ሲነዳ ነው፣ ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው፣ የጎደለው ሥልጠና ነው።

ቁጥሮቹ እውነተኛ ናቸው። የተሳሳተው ንባቡ ነው።

መካከለኛው ፍጥነት 48 ነው ማለት ግማሾቹ አደጋዎች ከዚያ በታች፣ ግማሾቹ ከዚያ በላይ ደረሱ ማለት ነው። ሰው በብዛት የሚነዳው በከተማ ጎዳናና በመስቀለኛ መንገድ ከሆነ አደጋውም በብዛት የሚገኘው በዚያው ነው። ቁጥሩ አደጋ የት እንደሚበዛ ይነግረናል። አንዱን መንገድ አንዱ በ50 ሌላው በ120 ቢሄዱበት የማን ሕይወት ይበልጥ እንደሚያሰጋ ግን አይነግረንም፤ እንዲነግረንም አልተሰላም። ሞት ያስከተሉትን አደጋዎች ለይተን ስንቆጥር ፍጥነት ጎልቶ ይወጣል። የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ በሚያወጣው መረጃ፣ በቅርብ ዓመታት ሰው በሞተበት አደጋ ውስጥ ከነበሩ ሞተረኞች ሲሦ ያህሉ ከሚገባው በላይ ሲፈጥኑ የነበሩ ናቸው፤ ከመኪና ነጂዎች መካከል ግን ድርሻው ከአምስት አንድ እምብዛም አይበልጥም። ስዊድናዊው ዮራን ኒልሰን የመንገዶችን አማካይ ፍጥነትና የሟቾችን ቁጥር አዛምዶ የደረሰበት ሕግም በዓለም ጤና ድርጅት ዘንድ ሳይቀር ተቀባይነት አግኝቷል፦ አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚያደርስ አደጋ በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ያም ሆነ ይህ የኸርትን 35 ኪሎ ሜትር በፍርሃት ማንበብ ነበረብን። የሰው አካል በዚያ ፍጥነት ሲጋጭ አጥንቱ የሚሰበር፣ አንጎሉ የሚጎዳ፣ አንዳንዴም የሚሞት ከሆነ፣ በ100 የሚጋጨው ምን ይሆናል? የግጭት ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ35 ወደ 70 መውጣት ጉልበቱን በአራት ያባዛል፤ ወደ 105 መውጣት በዘጠኝ። በዝግታ የሚደርሱት ግጭቶች እንዲህ ክፉ መሆናቸው ለፍጥነት መከላከያ ሆኖ መቅረቡ ዘወትር ያስደንቀኛል።

አሁን ወደ ሙግቱ እምብርት፣ ወደ ችሎታ ልምጣ። ኸርት ካገኛቸው ነገሮች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፦ አደጋው ከሚጀመርበት ቅጽበት እስከ ግጭቱ ድረስ ሞተረኛው በአብዛኛው የሚያገኘው ጊዜ ከ2 ሰከንድ ያነሰ ነው። በዚያች ጊዜ አብዛኞቹ የኋላውን ፍሬን ከልክ በላይ ረግጠው ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል፤ ዋናውን የማቆም ሥራ የሚሠራውን የፊት ፍሬን ግን ፈርተው በስሱ ይይዙታል። መሪውን በሚገባ ገፍቶ መሰናክሉን መሸሽ የቻለ ከመካከላቸው የለም ለማለት ይቻላል። የችሎታ ተሟጋቾች «ይኸው! ሥልጠና ያስፈልጋል» ይላሉ። እኔም ያስፈልጋል እላለሁ። ነገር ግን ችሎታ በሜትር ሲለካ ስንት እንደሆነ ቆጥረን እንየው።

ሁለት ሞተረኞችን እናስብ። አንዱ ጀማሪ ነው። አደጋ ሲያይ ፍሬኑን ለመያዝ 1.2 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ሲይዝም በሰከንድ ውስጥ ፍጥነቱን በሰከንድ 6 ሜትር ያህል ብቻ ይቀንሳል። ሌላው ጎበዝ ነው። በ0.8 ሰከንድ ፍሬኑን ይይዛል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ጎማው የሚሸከመውን ሁሉ አውጥቶ በየሰከንዱ 9 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ዓመታት የፈጀ ልምምድ ማለት ነው። ጀማሪው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ ቢሆን ፍሬን እስኪይዝ 27 ሜትር፣ ይዞ እስኪቆም 41 ሜትር፣ በድምሩ 68 ሜትር ያስፈልገዋል። ጎበዙ በ100 ቢሄድ 22 ሜትርና 43 ሜትር፣ በድምሩ 65 ሜትር። የዚያ ሁሉ ዓመት ልምድ ትርፉ ሦስት ሜትር ሆነ። ጎበዙ 110 ላይ ከወጣ ግን ለመቆም 76 ሜትር ይፈልጋል፤ ጀማሪው በቆመበት ቦታ ላይ እሱ ገና በ44 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይበራል። ይህ ኸርት በግጭት ቅጽበት ካገኘው መካከለኛ ፍጥነት ይበልጣል።

ስሌቱን ማንም በወረቀትና በእርሳስ ሊደግመው ይችላል፤ ቁጥሮቹን ቢለዋውጥም ፍሬ ነገሩ አይቀየርም። ችሎታ ለነጂው የሚሰጠው የተወሰነ ሜትር ነው። ያን ሜትር ለደኅንነቱ ሊያስቀምጠው ወይም ለፍጥነት ሊያወጣው ይችላል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ ግን አይችልም። «ችሎታ ስላለኝ እፈጥናለሁ» የሚል ሰው ያለውን ትርፍ ሁሉ አውጥቶ ከጀማሪው እኩል፣ ብዙ ጊዜም ከጀማሪው በታች ይሆናል። ለዚህም ይመስለኛል የሥልጠና ውጤት ሲጠና እንደተጠበቀው አምሮ የማይወጣው። በኖርዌይ በሚያንሸራትት መንገድ ላይ መኪና መቆጣጠር ለጀማሪ ነጂዎች ግዴታ ሆኖ ከተሰጠ በኋላ ውጤቱ ሲመረመር በወጣት ወንዶች ላይ በሚያንሸራትት መንገድ የሚደርሰው አደጋ ጨምሮ ተገኝቷል። የተማሩትን ዘዴ ረስተውት አይደለም። መተማመናቸው ከችሎታቸው ቀድሞ ስላደገ ነው። የሞተር ሳይክል ሥልጠናዎችን በተመለከተም ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት በ2010 ያጠናቀረው ግምገማ ሥልጠና አደጋን ይቀንሳል ብሎ ለመደምደም የሚያበቃ አስተማማኝ ማስረጃ ማግኘት አልቻለም። ይህን የምለው ሥልጠና ይቅር ለማለት አይደለም፤ ሥልጠናን የፍጥነት ፈቃድ አድርጎ መቁጠር ይቅር ለማለት ነው።

«ጥፋቱ የሹፌሩ ነው» የሚለውስ? በሕግ ፊት አዎን፤ ቅድሚያ የነጠቀ ሰው ጥፋተኛ ነው፤ መጠየቅም አለበት። የሕግ ጥፋት ግን አደጋው እንዴት እንደተፈጠረ አይገልጽም። ወደ ግራ ለመታጠፍ የቆመ ሹፌር ከፊቱ የሚመጣውን ሞተር ሲያይ ሁለት ነገር ይገምታል፦ ምን ያህል እንደራቀና መቼ እንደሚደርስ። ዓይናችን ይህን የሚገምተው ነገሩ በዓይን ውስጥ እየተለቀ በሚሄድበት መጠን ነው። ሞተር ጠባብ ስለሆነ ሲቃረብ የመተለቁ ነገር ዘግይቶ ነው የሚታወቀው። ማርክ ሆርስዊልና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ሙከራ ሰዎች በእኩል ፍጥነትና ከእኩል ርቀት የሚመጡ መኪናና ሞተር ሳይክል ሲታዩአቸው ሞተሩ ከመኪናው ዘግይቶ የሚደርስ መስሏቸዋል። ይህ የንቀት ወይም የቸልተኝነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ጠንቃቃውንም ሹፌር የሚያሳስት የዓይን ጠባይ ነው።

በዚህ ላይ ፍጥነት ሲጨመርበት ምን ይሆናል? ሹፌሩ ታጥፎ መንገዱን ለመልቀቅ 4 ሰከንድ ያስፈልገዋል እንበል። በ50 የሚመጣ ሞተር በዚያ ቅጽበት 56 ሜትር ላይ ነው፤ ነጂው፣ ልብሱ፣ መብራቱ ይታያል። በ100 የሚመጣው ግን 111 ሜትር ላይ ነው፤ በዓይን መጠኑ ግማሽ ነው፤ ከኋላው ካለው የመንገድ ግርግር ጋር ተቀላቅሏል። ሹፌሩ በዚያ መንገድ ሞተር በስንት እንደሚመጣ ከልምዱ ያውቃል፤ ዓይኑንም የሚልከው እስከዚያ ርቀት ድረስ ነው። የፈጠነው ሞተረኛ ማንም ከማይፈልገው ቦታ ተነስቶ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ቅድሚያው የእሱ መሆኑ በፍርድ ቤት ይጠቅመው ይሆናል፤ በመስቀለኛው መንገድ ላይ ግን አያድነውም። ጥፋተኛው ሹፌር ነው የሚለው ፍርድና ፍጥነቱ ለአደጋው ምክንያት ሆኗል የሚለው ፍርድ ሁለቱም በአንድ ላይ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።

ከተቃራኒው ወገን በጣም የማከብረው ሙግት ከብሪታንያ ፖሊስ የሞተር አነዳድ ትምህርት የሚነሳው ነው። በዚያ ትምህርት ነጂው የመንገዱ ሁለት ጠርዞች ከሩቅ የሚገናኙ የሚመስሉበትን ነጥብ እየተከታተለ ኩርባውን ያነባል፤ ነጥቡ ወደ እሱ ከቀረበ ይቀንሳል፣ ከሸሸ ይጨምራል። ይህ ከሁሉ የተሻለ የአነዳድ ዘዴ ነው። ሆኖም የዘዴው መሠረት የሆነውን ሕግ እናንብብ፦ በራስህ መስመር ላይ፣ ባዶ መሆኑን በዓይንህ ባየኸው ርቀት ውስጥ መቆም በምትችልበት ፍጥነት ብቻ ንዳ። እዚህ ሕግ ውስጥ ፍጥነቱን የሚወስነው ምን ያህል ይታያል የሚለው ነው። የነጂው ጉብዝና ከድንጋዩ ወይም ከአጥሩ በስተጀርባ ያለውን አያሳየውም። ደግሞም ኩርባ ውስጥ ያለ ጎማ የመያዝ ኃይሉን ለመታጠፍና ለመቆም ይከፋፍላል። ከኃይሉ 80 በመቶውን ለመታጠፍ የተጠቀመ ነጂ ለፍሬን 60 በመቶ ገደማ ይቀረዋል፤ 95 በመቶውን የተጠቀመው ግን 31 በመቶ ብቻ። አጋድሎ በመዞር የሚኮራው ጎበዝ፣ ከኩርባው ማዶ የቆመ ከባድ መኪና ድንገት ቢያይ ማቆሚያው የቀረው ያን ያህል ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የዓረቢያው ሎውረንስ በመባል የሚታወቀው ቶማስ ኤድዋርድ ሎውረንስ በዘመኑ ከነበሩ ፈጣን ሞተሮች አንዱ የሆነውን ብራፍ ሱፐሪየርን እየለዋወጠ ለዓመታት የነዳ፣ ልምድ ያካበተ ሞተረኛ ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በዶርሴት፣ ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ መንገዱ ዝቅ ብሎ ከዕይታ በሚሰወርበት ቦታ ብስክሌት የሚነዱ ሁለት ልጆችን ድንገት ከፊቱ አገኘ። እነሱን ለማዳን ሲያጥፍ ከሞተሩ ላይ ተወረወረ፤ በስድስተኛው ቀን በ46 ዓመቱ ሞተ። በምን ያህል ፍጥነት ይሄድ እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች ይከራከራሉ። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃው ግን ይህ ነው፦ ልምዱ ከዝቅታው ውስጥ ያሉትን ልጆች ሊያሳየው አልቻለም። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሂው ኬርንስ ከዚህ ተነስቶ የሞተረኞችን የራስ ጉዳት ማጥናት ያዘ፤ በ1941 ያሳተመው ጽሑፍም የብሪታንያ ጦር መልእክተኛ ሞተረኞቹ ሄልሜት እንዲያደርጉ ከማዘዙ ጋር ተያይዞ ይነሳል። ሄልሜት በመላ አገሪቱ ግዴታ የሆነው በ1973 ነው።

ሄልሜት ካነሳን አይቀር፣ ጥቅሙ ከጥርጣሬ በላይ ነው፤ የኮክሬን ግምገማ እንዳጠናቀረው የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት በሥራ ላይ በነበረው የአውሮፓ መለኪያ ሄልሜት የሚፈተነው በሰከንድ 7.5 ሜትር ማለትም በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ከጠንካራ ነገር ጋር ተጋጭቶ ነበር። ሰው አስፋልት ላይ ወድቆ ቢንሸራተት ራሱ መሬቱን የሚመታበት ፍጥነት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይቀርባል፤ ስለዚህ ይተርፋል። ከምሰሶ ወይም ከመኪና ጎን ጋር በ90 የሚገናኘውን ግን ማንም ሄልሜት ሠሪ ቃል አይገባለትም።

«የማን ደሴት (Isle of Man) ውድድርስ?» የሚለኝ ይኖራል። በእርግጥ በዚያች ደሴት ከ1907 ጀምሮ በሕዝብ መንገድ ላይ ይወዳደራሉ፤ የተራራው ዙር 60.7 ኪሎ ሜትር ሲሆን ፈጣኖቹ በአማካይ በሰዓት ከ215 ኪሎ ሜትር በላይ ይዞሩታል። ያ የሚሆነው መንገዱ ተዘግቶ፣ በየኩርባው ምልክት ሰጪ ቆሞ፣ የመንገዱን እያንዳንዱን ጉድፍ በቃል በሚያውቁ ሰዎች ነው። እንዲህም ሆኖ በዚያ መንገድ ላይ ከ250 በላይ ተወዳዳሪዎች ሞተዋል። በውድድሩ ሰሞን ተመልካቹ ሞተረኛ በተራራው መንገድ ሲነዳ ደግሞ ባለሥልጣናቱ መንገዱን ባለ አንድ አቅጣጫ ያደርጉታል። በዓለም ላይ ለፍጥነት ከሁሉ የበለጠ ቦታ የሰጠችው ደሴት እንኳ ፈጣን ሞተረኛንና ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪናን በአንድ መንገድ ላይ ማገናኘት አልደፈረችም።

ይህ ለእኛ አገር መንገዶች የበለጠ ይሠራል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱ በየጊዜው ይሰነጠቃል፣ ይጎብጣል፤ የተጫነ ከባድ መኪና ሹል ኩርባውን ለመዞር የሌላውን መስመር ይወስዳል፤ ዝንጀሮ ይሻገራል፤ ድንጋይ ይወርዳል። በሜዳው መንገድም ቢሆን ከብት የሚነዳ እረኛ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች፣ ምልክት ያልተቀባ የፍጥነት መቀነሻ አለ። እነዚህ ሰዎች መንገዱን የሚያቋርጡት ተሽከርካሪ በልማድ በሚመጣበት ፍጥነት ገምተው ነው። ከዚያ በላይ የሚመጣ ሞተረኛ ስለ ራሱ ሕይወት ብቻ አይደለም የሚወስነው፤ ስላልጠየቃቸው ሰዎች ሕይወትም ነው። የችሎታ ሙግት ይህን ጨርሶ አይነካውም። ነጂው ቢወድቅ አወዳደቅ ያውቅ ይሆናል፤ የተመታው ልጅ ግን አያውቅም።

አንድ ተቃውሞ ብቻ በቀላሉ የማይታለፍ አገኛለሁ። በፈጣን መንገድ ላይ ከሌላው ትራፊክ እጅግ ዘግይቶ መሄድም ያሰጋል የሚለው እውነት ነው፤ ከኋላ የሚመጣው ሊጨፈልቀው ይችላል። ይህ ግን ከፍሰቱ እኩል መሄድን ይደግፋል እንጂ ከፍሰቱ መብለጥን አይደግፍም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለአሠልጣኞችና ለመንጃ ፈቃድ ፈታኞች ነው። ተማሪውን አጋድሎ መዞር ከማስተማራችሁ በፊት በተዘጋ ሜዳ ላይ ከ40፣ ከ60 እና ከ80 ፍሬን እንዲይዝ አድርጉት፤ ስንት ሜትር ላይ እንደቆመ ራሱ በሜትር ይለካ፤ በደረቅም በእርጥብም ይሞክረው። ሞተር የምትገዙ ደግሞ አቅማችሁ ከፈቀደ ጉልበቱን ቀንሳችሁ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ያለውን ምረጡ፤ በአሜሪካ የተደረጉ ንጽጽሮች ኤቢኤስ ባላቸው ሞተሮች ላይ ለሞት የሚያደርስ አደጋ ከአምስት አንድ ያህል ወይም ከዚያም በላይ ቀንሶ አሳይተዋል። በየመንገዱ ፍጥነትን ለሚያስተምሩ ጎበዞችም አንድ ልመና አለኝ፦ የሚከተላችሁ ወጣት የማቆሚያ ርቀቱን ለክቶ እስኪነግራችሁ ድረስ ከኋላችሁ አታስከትሉት።